የቁም ተዝካር

«ሳህኑን እዚያው ተወው፤ ይዘኸው እንዳትመጣ» ትለኝ ነበር እናቴ። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ከሰፈሩ ሁሉ ከገበታዋ ቀንሳ የምትልክላቸው እሷ ብቻ ነበረች። ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አገሩ ዓለም ከተማ፣ ታማሚዋ ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ጎረቤታችን ነበሩ። እኛ ልጆቹ እትዬ እንላቸዋለን። ሕመማቸውን ሰው መጀመሪያ ብርድ አለው፣ ቀጥሎ መጋኛ፣ ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ። በመጨረሻ ማንም ስሙን የማይጠራው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ሆነ። ያን ጊዜ ጠላቸውን የሚጠጣ ጠፋ። የእኛ ሳህኖች እየሄዱ እዚያው ቀሩ። አምስት ወይም ስድስት ነበሩ፤ መደባቸው ሥር ተደራርበው አይቻቸዋለሁ፣ ታጥበው።

የሞቱ ዕለት ጥሩምባ ተነፋ። ዕድሩ ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ፤ አግዳሚው ተደረደረ፤ ንፍሮ ተቀቀለ፤ ቡና ተፈላ። በአርባቸው ወንድማቸው ከቆላ በሬ ነድቶ መጣ። ያን ቀን ግቢያቸውን የረገጠው ሰው በሁለት ዓመት ሕመማቸው ደጃቸውን ካንኳኳው ሁሉ ይበልጥ ነበር። አባቴ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነበርና ማታ በኩራዝ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ ለሳጥን ይህን ያህል፣ ለከፈን ይህን ያህል፣ ለቡናና ለስኳር ይህን ያህል። ገጹን ወደ ኋላ ገለጥኩት። እትዬ በነፍስ ሳሉ ከዚያ መዝገብ አንዲት ሳንቲም አልወጣችላቸውም። የወር መዋጮአቸው ግን አንድም ወር አልተጓደለም፤ በልጃቸው እጅ እየላኩ እስከ መጨረሻው ከፍለዋል።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ መዝገብ ነው።

እኛ የመርሐቤቴ፣ የመንዝና የግሼ ልጆች ነን፤ አገር ቤት ያለንም ባሕር ማዶ የተሻገርንም። ማኅተም የለንም፣ ጽሕፈት ቤት የለንም። ያለን አንድ ሐሳብ ነው፤ ለሙት የምናወጣውን ገንዘብ ወደ ሕያው እንመልስ። ሕያው ስንል ደግሞ አስቀድመን የምናስበው ቫይረሱ በደሙ ያለበትን ወገናችንን ነው፤ ከእነዚህም መሐል ከሁሉ ይልቅ የተጣለውን፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ የምንፈራውን።

በአገራችን የቁም ተዝካር የሚባል ወግ አለ። ዘር የሌለው ሰው፣ ወይም ልጆቹ እንደማያስታውሱት የሚጠረጥር ሽማግሌ፣ ተዝካሩን ራሱ በሕይወቱ ያወጣል። በሬውን ይጥላል፣ ካህናቱን ይጠራል፣ ድሃውን ያበላል፤ የራሱን ድግስ በዓይኑ አይቶ ይሞታል። አያቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ትልቅ ነገር ያውቁ ነበር፤ ምጽዋት የሰጪውም የተቀባዩም ዓይን እያየ ሲሆን ሌላ ክብደት እንዳለው። እኛ ቃሉን ከእነርሱ ተቀብለን ትንሽ እናሰፋዋለን። የቁም ተዝካር ከእንግዲህ አንድ ሰው ለራሱ የሚያወጣው ብቻ አይሁን፤ መንደር ለታመመ ሰው፣ ታማሚው ገና ቆሞ ሳለ የሚያወጣው ይሁን።

ይህን ለመናገር ከዓለም ከተማ የተሻለ ቦታ አናውቅም። ከሙከጡሪ ተገንጥሎ፣ በለሚ በኩል የጀማን ገደል ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ዳግመኛ ሽቅብ የወጣ ሰው አምባው ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ሆስፒታል የአንድ ውርርድ ፍሬ ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም ካርልሃይንዝ ቦም የሚባል ኦስትሪያዊ ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ትርኢት ላይ ቀርቦ ተወራረደ። ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ በሳህል ለተራበ ሰው አንድ ማርክ፣ ወይም አንድ የስዊስ ፍራንክ፣ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም አለ። ያለው አልቀረም፤ ሲሶው አልሰጠም። የሰጠው ሰው ያዋጣው ግን 1.2 ሚሊዮን ማርክ ያህል ሆነ። ቦም ገንዘቡን ይዞ ኢትዮጵያ ገባ፣ ከውርርዱ በስድስት ወሩ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን የእርዳታ ድርጅት መሠረተ፣ ከሐረርጌ ቆላ ተነሥቶ ከዓመታት በኋላ መርሐቤቴ ደረሰ። የሆስፒታሉ ስም እናት ነው። በሙኒክ አጠገብ ያለችው ፋተርሽቴተን የምትባል ከተማም እስከ ዛሬ ከዓለም ከተማ ጋር በወዳጅነት ተሳስራ ትረዳለች።

ይህን የምንተርከው ፈረንጅን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ምስጋናው ይገባቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው። የጀማን ገደል አይቶ የማያውቅ ሰው፣ መርሐቤቴ በካርታ ላይ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው፣ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አንድ ማርክ ሰጠ። የተቀባዩን ስም አልጠየቀም፤ በምን ምክንያት እንደ ተራበ፣ ጸባዩ እንዴት እንደ ሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ አልጠየቀም። እኛ እንዲህ ባለ እጅ የተጎበኘን ሕዝብ ነን። እንዲህ ባለ እጅ የተጎበኘ ሕዝብ የጎረቤቱን ታማሚ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ የመጠየቅ ፊት የለውም።

ያለፈውን ባጭሩ እናስታውስ። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም ተመዘገቡ። በየካቲት 1993 ዓ.ም በአዲስ አበባ የመቃብር ስፍራዎች የሟቾች ምዝገባ ሲጀመር፣ ከ20 እስከ 54 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሟቾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የጨረሰው ኤድስ መሆኑ ታየ። ድንኳኑ ከአንዱ ግቢ ሳይነቀል በሌላው ይተከል ነበር፤ የዕድር ካዝና ይራቆት ነበር። ያኔ ነው ከአዲስ አበባ ዕድሮች አንዳንዶቹ ያልተለመደ ነገር ያደረጉት። ሰው ከሞተ በኋላ የምናወጣውን ለምን ሳይሞት አናወጣለትም ብለው ደንባቸውን አሻሻሉ። ሕይወት የተሰኘው አገር በቀል ድርጅት ከእነርሱ ጋር ሆኖ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ቤት ለቤት ያስታምም ነበር፤ ገላ ያጥባል፣ አጥሚት ይሠራል፣ አልጋ ያነጥፋል። ተስፋ ጎህ በሚባለው ማኅበር ዙሪያ የተሰባሰቡ ወገኖችም ፊታቸውን ሳይሸፍኑ «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብለው አደባባይ ወጡ። እነዚህ ዕድሮችና እነዚህ ሰዎች ከእኛ በፊት የቁም ተዝካርን በተግባር የጻፉ ናቸው። እኛ የጀመሩትን ልንቀጥል እንጂ አዲስ ነገር ፈጥረን አልመጣንም።

ነፃው መድኃኒት በጥር 1997 ዓ.ም መሰጠት ጀመረ። አልጋ ላይ የነበረ ሰው ተነሥቶ እርሻ ወረደ። በ2008 ዓ.ም የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት መካከል ቫይረሱ ያለባቸው 0.9 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ሞቱ ሲቀንስ ወሬውም ቀነሰ፤ ወሬው ሲቀንስ እጃችንም ታጠፈ። በአገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ዛሬም ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ፤ የእኛ ልብ ግን ነገሩን ካለፈ ዘመን ጋር ቀብሮታል።

መድኃኒቱ ነፃ ነው። መንገዱ ግን ነፃ አይደለም።

ከመራኛ ወይም ከሬማ በኩል መድኃኒቱን ሊወስድ የሚመጣ ሰው የመኪና ይከፍላል፤ መኪና ከሌለ በእግሩ ይሄዳል፤ ሲመሽበት የሚያድርበት ይከራያል፤ የዋለበት ቀን የሥራ ቀን ነው። ክኒኑን በባዶ ሆድ የዋጠ ሰው ሊያዞረው ይችላል፤ ሲያዞረው ይተወዋል፤ ሲተወው ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ደግሞ የሚያውቀው ሰው እንዳያየው ብሎ ቅርቡን ሆስፒታል ትቶ ፍቼ ወይም ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ የሚሄድ አለ። ይህ ሰው የመኪና የሚከፍለው ለርቀቱ ሳይሆን ለእኛ ዓይን ነው፤ ግልምጫችን የሚያስከፍለው ቀረጥ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን ጦርነት ተቀስቅሶ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት በዙ፤ በተዘጋ መንገድ ማዶ ክኒኑን እየቆጠረ የሚጨነቅ ሰው ምን እንደሚሰማው ዕድሩ ጠይቆ አያውቅም።

ከዚያ ጥር 2017 ዓ.ም መጣ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በአንድ ፊርማ አቆመ። ለሃያ ዓመት ያህል የኤችአይቪ ሥራችን ምሰሶ የነበረው ገንዘብ በአንድ ሳምንት ተንገዳገደ፤ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ጻፈ። ከእነርሱ ብዙዎቹ መድኃኒት ያቋረጠውን ሰው ስልክ ደውለው፣ ቤቱ ሄደው፣ ለምነው የሚመልሱት ነበሩ። የማያውቀን ሰው የሰጠንን የማያውቀን ሰው ይወስደዋል። ይህን ስንል ለመውቀስ አይደለም፤ ቤታችንን በጎረቤት ማገዶ ስናሞቅ ኖረን የራሳችንን ማገዶ ለቀብር ስናነድ እንደ ኖርን ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንሂድ። አንባቢ እዚህ ላይ ጽሑፉን ሊያጥፈው ይችላል። እባክህን አትጠፈው፤ እባክሽን አትጠፊው።

በእናት ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ያለው ክኒን ከየት መጣ? ከፋብሪካ ብቻ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ ስድስት ወንዶች፣ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ ጓደኞቻቸው ሲሞቱ ዝም ማለት አቅቷቸው አንድ የእርዳታ ድርጅት አቋቋሙ። መንግሥት አልሰማቸውም፤ ብዙ ቤተ ሰብ ልጁን ክዶ ነበር፤ የሆስፒታል ሠራተኛ ምግቡን በር ላይ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። የእናቴን ሳህን አስቡት። ድርጅቱ ለታማሚው ጓደኛ መደበለት፤ ምግብ የሚያበስል፣ የሚያጥብ፣ ሲሞት እጁን የሚይዝ። በዚያው ጊዜ ወንዶቹ ደም እንዳይሰጡ ሲከለከሉ በሳንዲየጎ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች ተሰልፈው በእነርሱ ፈንታ ደማቸውን ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1987 አክት አፕ የተባለው ንቅናቄ ተመሠረተ፤ በዓመቱ ጥቅምት ወር ላይ አባላቱ የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከበው፣ መድኃኒት በፍጥነት ይፈተሽ፣ ታማሚው በፍተሻው ይሳተፍ ብለው ጮኹ። ያ ጩኸት የመድኃኒት አፈቃቀድን ሥርዓት ለወጠው። ሞትን ያቆመው የተቀናጀው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1996 ሲደርስ ከጮኹት ብዙዎቹ መቃብር ገብተው ነበር።

መድኃኒቱ ተገኘ፤ ዋጋው ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በዚያ ዋጋ ከመርሐቤቴ አንድም ሰው አይድንም። እዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካዊው ዛኪ አክማት ይመጣል። ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው፤ ቫይረሱ በደሙ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልንጀሮቹ ጋር የሕክምና ዘመቻ ንቅናቄን መሠረተ። መድኃኒቱን ገዝተው የሚሰጡት ወዳጆች ነበሩት፤ እርሱ ግን ድሃው በመንግሥት ሆስፒታል እስኪያገኘው ድረስ አልውጥም አለ። ታመመ፣ ከሳ፣ አልዋጠም። 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ መንግሥት ላይ የመሠረቱትን ክስ እ.ኤ.አ. በ2001 ያነሡት በዚህ ንቅናቄና በዓለም ጩኸት ነው። በዚያው ዓመት ሲፕላ የሚባለው የህንድ ኩባንያ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት በ350 ዶላር አቀረበ። አክማት መድኃኒቱን የጀመረው መንግሥቱ ለሕዝብ ለማዳረስ ከወሰነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ለእኛ ነፃ መድኃኒት የደረሰን ከዚያ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆይቶ ነው።

ይህ እርሱ የጾመልን ጾም ነው። በዚህ ደጋ ጾም ምን እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሌላው እንዲበላ ብሎ የራሱን ጉሮሮ የዘጋን ሰው በእኛ ቋንቋ ምን ይሉታል? ስሙን ከስድብ ጋር የሚያነሣ ሰው በቤቱ ክኒኑን እየዋጠ የዳነ እኅት ወይም ወንድም ወይም ልጅ እንዳለው ያስብ። ውለታ አለብን። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣ ውለታ ነው፤ ክኒኑን ተቀብለን ውለታውን መካድ አንችልም።

እነዚያ ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ የእኛዎቹ ግን ቅርብ ናቸው። በአዲስ አበባ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው የሚጠራሩበት የምስጢር ስም አላቸው፤ ዜጋ ይባባላሉ። ይህን ስም ስሰማ ብዙ ቀን አልተኛሁም። ሌላ ቃል ቸግሯቸው አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ የተነፈጉትን ለስም መረጡት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሺዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ የእነዚህን ሰዎች ኑሮና ለኤችአይቪ ያላቸውን ተጋላጭነት ሌላው ሰው ዝም ባለበት ጊዜ አጥንቷል። ከእነርሱ መሐል ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከግሼ የወጡ የሉም ብሎ የሚምል ሰው ካለ፣ የትኛውም እናት የልጇን ሁሉ አታውቅምና አይማል።

ሕጋችን ምን እንደሚል እናውቃለን። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በቀላል እስራት ይቀጣቸዋል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቆ ሕዝቡ ጥቆማ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዚያው ሰሞን የሰዎች ፎቶ በቲክቶክ እየተለጠፈ ምቷቸው፣ ግደሏቸው ተባለ። ጥቆማ በሚጠየቅበት ከተማ ቫይረሱ በደሙ ያለበት እንዲህ ያለ ወጣት ክሊኒክ ገብቶ ለነርሷ እውነቱን ይናገራል? አይናገርም። ካልተናገረ የሚገባውን ምክር አያገኝም። በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ባልና ሚስት ነው፤ ለእርሱ የተጻፈ አንድ መስመር የለም። በሽታው ደግሞ ሥዕል አይቶ አይመርጥም።

ስለዚህ በግልጽ እንናገራለን። አንቀጽ 629 እንዲሻር እንጠይቃለን። እስኪሻር ድረስ በዚህ ምክንያት ከቤቱ ለተባረረ ልጅ የቤት ኪራይ፣ ለተያዘው ጠበቃ፣ ለታመመው የሚያስታምመው ሰው ከእኛ ገንዘብ እንዲወጣ እንፈልጋለን። ማንም ፍቅሩን እንዲያስረዳን አንጠይቅም። የታመመ ሰው መታመሙ ይበቃዋል፤ ያልታመመም ሰው መሆኑ ይበቃዋል።

ሰጪ እጅ በዚህ ጉዳይ ሲታጠፍ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ አይተናል። በመጋቢት 2006 ዓ.ም የወርልድ ቪዥን የአሜሪካ ቅርንጫፍ ከተመሳሳይ ጾታቸው ጋር የተጋቡ ክርስቲያኖችንም እቀጥራለሁ ብሎ አስታወቀ። ሰጪዎች ተቆጥተው እርዳታቸውን ማቋረጥ ጀመሩ፤ ድርጅቱ በሁለት ቀን ውሳኔውን ሻረ፤ በዚያ መሐል ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች የሚረዳቸውን ሰው አጡ። አሜሪካ ቢሮ ውስጥ ማን ከማን ጋር ተጋባ ተብሎ በድሃ አገር ያለ ልጅ ደብተሩ ተወሰደበት። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ምጽዋትን ዱላ ማድረግ ነው። እኛ የምንጠራው ተቃራኒውን ነው።

ቄሶቻችን ይቆጣሉ እንደምትሉ እናውቃለን፤ አባቶቻችንን እናከብራለን። ፍትሐቱ ይቅር አላልንም። ጸሎቱ ይደረስ፣ ዕጣኑ ይጨስ፣ ሙት በስሙ ይጠራ። የምንነካው በሬውን ነው። በማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍ ላይ ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቀው ስለ ታመመ፣ ስለ ታሰረ፣ ስለ ታረዘ ሰው ነው፤ ስለ ድግስ ስፋት የተጠየቀ የለም። ቤተ ክርስቲያንም በዚህ በሽታ ጉዳይ ሰምታ ታውቃለች። ሸንኩራ ዮሐንስና እንጦጦ ማርያም ጸበል ላይ ሰው መድኃኒቱን እየጣለ ሲሞት፣ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም ጸበሉንም ጠጡ መድኃኒቱንም ዋጡ ብለው አስተማሩ። ያ አንድ ቃል ስንት ሰው እንዳዳነ እግዚአብሔር ይወቀው። አሁንም ከየአጥቢያው አንድ የነፍስ አባት ተነሥቶ እንዲህ ያለ ቃል ይናገር ዘንድ እንለምናለን።

የፈረንጅ አጀንዳ ነው የሚል ደግሞ ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም በቁጥር 1113 ተተክቷል፤ ከዚያ ዘመን ግን አንድ ነገር ተምረናል። መብትን በሰው ገንዘብ የሚጠይቅ ሕዝብ በማንኛውም ቀን አፉ ይዘጋል። የእኛ ገንዘብ የጤፍና የማሾ ገንዘብ ነው፤ የዕድር፣ የሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበር ገንዘብ ነው። ከዚህ የበለጠ አገር በቀል ገንዘብ የለም።

ባሕር ማዶ ላላችሁ ወገኖቻችን። እናንተ አባት ሲሞት መርዶውን በስልክ ሰምታችሁ፣ ለአርባው ድግስ ገንዘብ ልካችሁ፣ ቪዲዮውን በስልካችሁ አይታችሁ የምታለቅሱ ናችሁ። እንባችሁን እናውቀዋለን። ከምትልኩት ግማሹን ለሞተው አባታችሁ ስም ሳይሆን በአባታችሁ ስም ላኩት፤ በሕይወት ላለ ሰው። ከእናንተ መሐል ደግሞ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ስለ ሆናችሁ ከአገራችሁ የተሰደዳችሁ አላችሁ። እናት ስትሞት እንኳ ልቅሶ መድረስ አልቻላችሁም። የእናንተን ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ይቅርታችሁን እንጠይቃለን።

እንዴት ይሠራል ለሚለን ያሰብነውን እንናገር። ዕድሩ ከየወሩ መዋጮ ከአሥር አንዱን ይለያል። ተዝካር የሚያወጣ ቤተ ሰብ ከፈቀደ የድግሱን ግማሽ ይጨምርበታል። ገንዘቡን ሦስት ሰው ይይዘዋል፤ አንድ ነርስ፣ አንድ ካህን፣ አንድ ደግሞ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ወይም የምትኖር ሰው፤ ይህ ሦስተኛው ከሌለ ሥራው አይጀመርም። ወጪው በመዝገብ ይሰፍራል፤ ስም ግን አይሰፍርም። ለመኪና ተብሎ ይጻፋል፤ ለማን እንደ ሆነ አይጻፍም። ከየት እንደ ያዘው የሚጠይቅ ሰው በዕድሩ ሕግ ልቅሶ ላይ እንደ ተሳደበ ሰው ይቀጣ። ዕድር ለመቅጣት አያንስም፤ ቀብር ላይ ያልተገኘን ሰው ሲቀጣ ኖሯል፤ ከዚህ በኋላ የታመመን ሰው ያልጠየቀውን ይቅጣ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ የኩራዝ ጥቀርሻ አለበት። የእትዬ ልጅ፣ በትንሽ እጇ መዋጮውን ታመጣ የነበረችው፣ ዛሬ ራሷ የዕድር አባል ናት። መዝገቡን አሳየኋት። የእናቷን መስመር ፈልጋ አገኘችውና ጣቷን ጫነችበት፤ ብዙ ቆየች። ከዚያ እስክርቢቶ ጠየቀችኝ፤ ማስመሪያ አልነበረኝም፣ በፖስታ ጠርዝ አሰመረች። ለሳጥን፣ ለከፈን፣ ለቡናና ስኳር ከሚሉት ዓምዶች በስተግራ አዲስ ዓምድ ሆነ። በላዩ «በቁም» ብላ ጻፈች።

በሚቀጥለው የዕድር ቀን ያን ገጽ ለጉባኤው እናነበዋለን። የሚያዋጣ ያዋጣ፤ የሚከራከር ይከራከር፤ እኛ ግን ከዚያው እሑድ ጀምሮ ምሳ ይዘን እንወጣለን። ደርሰን ሳህኑን በር ላይ አንተወውም። ገብተን እንቀመጣለን፣ ከአንድ ገበታ አብረን እንበላለን፣ ሳህኑንም ይዘነው እንመለሳለን።